የቴርሞሜትሩ መዳፍ

እውነተኛ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም። በከተማው ምግብ ቤቶች ሁሉ «ቴርሞሜትሩ» ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የምግብ ማሞቂያ ሲጠግን ኖሯል፤ እነዚያን ከሥር የፈላ ውሃ፣ ከላይ ትሪ የሚደረደርባቸውን፣ ሩዙና ሥጋው እስከ ምሳ ማብቂያ ሳይቀዘቅዝና ሳይበላሽ የሚቆይባቸውን የብረት ሣጥኖች። ጠግኖ ሲጨርስ መዳፉን ትሪው ላይ ያሳርፍና ቁጥር ይጠራል። ድሮ ድሮ ሼፎቹ በመለኪያ ያመሳክሩት ነበር፤ ቢስት ቢስት በአንድ ዲግሪ ነው። ከዚያ ወዲያ መለኪያ የሚያወጣ ሰው ካየ «እኔ ቆሜ?» ብሎ ያኮርፋል። ኩራቱ ለጉድ ነበር።

ታዲያ ከሁለት ዓመት ወዲህ መዳፉ ደነዘዘ። በትኩስ ብረትና በእንፋሎት ሲገረፍ የኖረ እጅ እስከ መቼ ይችላል? መጀመሪያ የጣቶቹ ጫፍ፣ ቀጥሎ መሃሉ። ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም። መለኪያ ገዝቶ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር፣ ከሽቦው በታች ቀበረው። ሰው ፊት ማውጣቱ ግን ሞት ሆነበት። እንፋሎቱን እያየ፣ ደቂቃውን እየቆጠረ ይገምት ጀመር። ግምቱም እየሰመረለት እዚህ ደረሰ።

ባለፈው ሰኞ በአንድ ትልቅ ምግብ ቤት የማሞቂያውን ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱን ቀየረ። የኩሽናው አለቃ ሠላሳ ዓመት ምድጃ ፊት የቆሙ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው። መዳፉን አሳረፈና «ስድሳ አምስት!» ብሎ ጮኸ። እትዬም ነካ አደረጉት።

«ለብ ያለ ነው እኮ» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ጨውዎን ይቅመሱ፤ ሙቀቱን ለእኔ ይተዉት!»

አስተናጋጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እትዬም አፍረው ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

ረቡዕ ምሳ የበሉ ዘጠኝ ሰዎች ሲያስመልሳቸው ዋሉ። ሐሙስ ጠዋት እትዬ «ያደረ ምግብ አቅርበዋል» ተብለው ተባረሩ። አንድ አስተናጋጅ ደውሎ ይህን ሲነግረው ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የሰው እንጀራ መዝጋቱ ሳያንስ፣ አስቀድሞ አስቆባቸዋል። በራሱ አፈረ።

ይቅርታ ሊል ቤታቸው ሄደ። አፉ ላይ የመጣለት ግን የለቅሶ ቤት ቃል ሆነ።

«እግዜር ያጥናዎት!»

«ማን ሞተና?» አሉ እትዬ፣ ፈገግ ብለው። «ና ግባ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እኮ ማሞቂያው ይሆን እንዴ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኩት! የእሱ እጅ አይሳሳትም። ጥፋቱ የእኔው ይሆናል፤ እርጅና ነው።»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ በልቡ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ያወጣው ሻይ ነው። እትዬ ከእሳት የወረደውን ቀድተው ብርጭቆውን በጨርቅ ይዘው አቀበሉት። እሱ ሐሳብ ጠልፎት በባዶ መዳፉ ጨብጦት ተቀመጠ። እትዬ ብርጭቆውን አዩ፤ እጁን አዩ።

«አያቃጥልህም?»

እሱም ገና ያን ጊዜ እጁን ተመለከተ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ሰኞ ለብ ያለ ነው ስልህ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ እትዬ። እንደማላውቅ ግን አውቅ ነበር።»

ብርጭቆውን ከእጁ ወስደው አስቀመጡት። ቢሰድቡት እንዴት በቀለለው! ጫማቸውን አጠለቁ።

«ተነስ፣ ሣጥንህን ያዝ።»

የምግብ ቤቱ ኩሽና ውስጥ ባለቤቱም፣ ሰኞ የሳቁት አስተናጋጆችም ነበሩ። እንዳቀረቀረ ሁሉንም ነገራቸው። ከዚያ ሽቦውን ገለጠና መለኪያውን አወጣ፤ ከነማሸጊያው ነበር። የደነዘዘ ጣቱ ማሸጊያውን አልይዝ ስላለው የቀደዱለት እትዬ ናቸው። ማሞቂያው ላይ ካለው ምግብ ውስጥ ሰካው፣ ጠበቀ፣ ቁጥሩን አየ። ከዚያ ወደ እትዬ ጆሮ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ነገራቸው።

«ጮክ በል» አሉት። «ሰኞ እንደጮህከው።»

«አርባ ሁለት» አለ።