ሰዓት ሠሪው የተሸነፈበት ዝናብ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በድንገት ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ የመንገዱን አቧራና የወረቀት ቁርጥራጭ እየጠራረገ መጣ፤ ቀጥሎ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚበተን እስኪመስል ወረደ። መንገደኛው ሁሉ የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ክፈፍ ሥር ተጠለለ። እንዲህ ባለ ቀን ሱሪ የሚያሳጥር የለም፣ ሰዓት የሚያሠራም የለም። ከፊት ለፊቷ ያለው ሰዓት ሠሪ እንደ ልማዱ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ መንገዱን ተሻገረና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"በይ አውጪው" አላት።

ያወጣችው ቼዙን ነበር። ያስተማራትም እሱ ነው፣ ሱሪው እስኪሰፋለት ሲጠብቅ። እናቷ ወገቧን ታማ ከሱቁ ጓዳ አልጋ ላይ ስትውል ልጅቷ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ያሳያት ሰው እሱ ብቻ ነው። መጫወቻዎቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ ቀለማቸው የለቀቀ ናቸው። ከነጮቹ ጳጳሶች አንዱ ጠፍቶ በምትኩ ጠፍጣፋ ነጭ የኮት ቁልፍ ይጫወቱበታል።

የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ጨዋታው ሲያልቅ የተሸነፈው መጫወቻዎቹን ወደ ቦታቸው መልሶ የት ላይ እንደተሳሳተ ይናገራል፤ ያሸነፈው ዝም ብሎ ይሰማል። ሁልጊዜ የምትሸነፈው እሷ ስለነበረች ሁልጊዜ የምትናገረውም እሷ ነበረች። "እዚህ ጋ ፈረሴን ማውጣት አልነበረብኝም፣ ጓጉቼ ነው" ትላለች። እሱ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያዳምጣታል። በዕድሜዋ ያን ያህል ታግሦ የሰማት ሰው አልነበረም። መሸነፍ ያልከፋት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ያን ቀን ግን ሌላ ሆነ። ከተጠለሉት አንዱ "ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ብሎ ጠየቀ።

"ምን ያውቅና" አለች ጎረቤቷ ፍራፍሬ ሻጭ ከበሩ ላይ ሆና። "እሱ የሚያውቀው የቆመውን ነው።"

ሰው ሳቀ። ሰዓት ሠሪውም ዞር ብሎ አብሮ ሲስቅ ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን በጣቷ ገፋ አደረገችና "ተራዎ ነው" አለችው። እሱ ጣቶቹን በመጫወቻዎቹ አናት ላይ ቀስ ብሎ አሳለፈ፤ አሰበ፤ ከዚያ ንግሥቲቱን አንስቶ በትክክል ቁልፉ አፍ ውስጥ አስቀመጣት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንዴ አስቀምጫለሁ።"

ወሰደችበት። ያለ ንግሥት ብዙም አልቆየ።

"ዛሬ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት" አለችው። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ሰዓት ሠሪው ሰሌዳው ላይ አጎንብሶ የቀሩትን መጫወቻዎች በጣቱ ዳሰሰ።

"ነገ" አለ በመጨረሻ። "እስቲ ላስብበት።"

በማግስቱ ሱቁ አልተከፈተም። ከዚያም በኋላ አልተከፈተም። እህቱ ጋ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ ተባለ።

ፍራፍሬ ሻጯ አላስቀመጠቻትም። "ንግሥቲቱን ጥሎልሽ ሄደ እኮ። የስንብት ስጦታ መሆኑ ነው። ሽቶ ቢገዛልሽ ምን ነበረበት?"

አብራት ሳቀች፤ ነገሩ ግን ሆዷ ገባ። አዝኖላት ጨዋታውን ለቆላት ከሆነ ያ ሁሉ ዓመት ስትናገር የሰማት እንደ ሕፃን እያባበለ ነበር ማለት ነው። እውነት አሸንፋው ከሆነስ፣ ምነው የእሱ ተራ ሲደርስ ሳይናገር ሄደ? ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ያን ጨዋታ ደግማ ታሰልፈዋለች። ንግሥቲቱ እዚያ የምትሄድበት አንድም ምክንያት አጣች።

አንድ ቀን ደክሟት የእሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ለማሳረፍ ጨፈነችና ጨዋታውን ሰሌዳው ላይ በቃሏ ትጫወተው ጀመር። ወታደሩን፣ ፈረሱን፣ ግንቡን። እንጨቱ ሲቀመጥ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቁልፉን ስትገፋ ግን ምንም አልተሰማም። እጇ እዚያው ላይ ቀረ።

ያኔ ሁሉም ተራ በተራ መጣላት። ሰዓት ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ "አንቺ አንብቢልኝ፣ መነጽሬ ጭጋግ ይዞታል" ይላት ነበር። መንገዱን ሲሻገር የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መጫወቻዎቹን በጣቱ ሲዳስስ እሷ የሚያስብ ይመስላት ነበር። ሰውየው በጆሮው ነበር የሚጫወተው፤ ቁልፉ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ አናትም የለውም።

ሰንበት ብሎ እህቱ ሱቁን ልታስረክብ መጣች። ልብስ ሰፊዋ በርጩማውን አቀረበችላት።

"እትዬ፣ ዓይናቸው ነው አይደል?"

"ማን ነገረሽ?" አለች እህቱ። "ለማንም አትናገሪ ብሎ አስምሎኛል። ዓይኑ ደከመ ከተባለ ማን ሰዓቱን ይሰጠዋል?"

"ለእኔ እንኳ?"

"በተለይ ላንቺ።" መሬት መሬት አየች። "አሁን እኔ ቤት በረንዳ ላይ ይውላል። ያንቺን ጨዋታ ያነሳል፣ ይጥላል። 'የት ላይ እንደተሸነፍኩ አልገባኝም፣ እሷ ግን ታገኘዋለች' ይላል። እባክሽ ካገኘሽው ንገሪኝና ልገላገል። እኔንም አሰለቸኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣለች። ሁለት ቃል፣ 'ቁልፉ ነው'፣ ይበቃ ነበር። ነገር ግን እነዚያን ከላከች ወደ እሱ የምትሄድበት ምክንያት እንደማይቀራት ታወቃት።

"አግኝቼዋለሁ" አለች። "ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ ይበሉልኝ።"

"መቼ?"

"እናቴን የሚይዝልኝ ሰው ሳገኝ።"

እህቱ የተዘጋውን የጓዳ በር አየችና ተነሳች።

ልብስ ሰፊዋ አሁንም እዚያው ሱቅ ውስጥ ናት። የሰዓት ሠሪው ቤት የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል። በቁልፉ ቦታ፣ መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ የምታጠልቀውን የብረት ቆብ አድርጋለች፤ ሲቀመጥ ጠቅ ይላል። እናቷ አልጋ ላይ ናት። እስካሁን አልሄደችም።