ሰርግ ላይ የከፈትኩት የእንግሊዝ ሸክላ

ጦርነቱ ሳይጀመር፣ ካርቱም ውስጥ በሐበሻ ሰርግ ላይ ሙዚቃ የምከፍተው ዲጄ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ቡሪ ሰፈር፣ ሬዲዮ ከሚጠግን ሱዳናዊ ዘንድ የእንግሊዝ የጭፈራ ሸክላዎች አገኘሁ። ብሬክቢት የሚሉት ነው፤ ከበሮው ይቆራረጥና መልሶ ይዘላል። ጀብራ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ስሰማ ሰነበትኩ። ለሰው ሳላሰማ መቆየት ግን አልቻልኩም።

እሁድ አርካዊት ሰፈር ሰርግ ነበረኝ። ከምሳ በኋላ ደፈር ብዬ አንዱን ከፈትኩ። ሲጨፍር የነበረው ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። የሙሽራዋ አባት ጋሽ ታደሰ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ወደ እኔ መጡ። እንጀራዬ እዚያው ያበቃ መሰለኝ።

«ኸላስ፣ በቃ አጠፋዋለሁ ጋሼ» አልኩ።

«ተወው» አሉና ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ጥቂት አዳምጠው እስክስታውን ወረዱት። ከበሮው ሲሰበር ትከሻቸውም አብሮ ይሰበራል። እልልታው ቀለጠ፤ ሐበሻውም ሱዳኑም ተከተላቸው። እኔም ሸክላውን የሠራሁት ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

ጋሽ ታደሰ ላባቸውን እየጠረጉ ተመለሱና በጆሮዬ፣ «የጎጃም ዘፈን መሆኑን ቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉኝ።