ኖራ የተቀባው የግሪኮች ቤት

የጎረቤቴ የሃሪቲና ቤት ሊፈርስ መሆኑን የሰማነው ፋሲካ ሲቃረብ ነው። ባሕሩ ዳር ካለው የግሪኮች ምሽግ ወዲህ፣ እርሻችን መሃል፣ ፕሮፌሰር ዜኖን የጥንት ግሪክ ገበሬዎች ቤት ሲቆፍር ከርሞ የመጨረሻው ክፍል ከሃሪቲና ጓዳ ሥር ገባበት። እሷን ከተማ ወስደው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊያሰፍሯት አሰቡ። የሚወስነው ከከተማ የሚመጣ ኮሚሽን ነው።

«ዶሮዎቼስ በደረጃ ነው የሚወጡት?» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም። የተወለደችው እዚያ ቤት ነው፤ ባሏንም ከዚያው ቤት አውጥታ ነው የቀበረችው። በጭንቀት ከሳች።

እኛ ሰፈር ለፋሲካ ኖራ የማይቀባ ነገር የለም፤ ግድግዳው፣ አጥሩ፣ የዛፉ ግንድ ሳይቀር። ያልቀባ የሰው መሳቂያ ነው። ሃሪቲናም ኖራዋን በጠበጠችና፣ ጉድ በሉ፣ ከዜኖን ቁፋሮ ጉድጓድ ጀመረች። የግሪኮቹን ግድግዳ አንድም ሳታስቀር ነጭ አደረገችው።

«አንቺ ሰው፣ ምን ነካሽ?» አልኳት በአጥሩ ላይ።

«እንግዳ የሚመጣው ግሪኮቹን ሊያይ አይደል? አቧራ ለብሰው ይቆዩት?»

«የራስሽ ቤትስ?»

«ኖራው አለቀ።»

ዜኖን ሲያይ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ዘፍ አለ። «እትዬ ሃሪቲና፣ ይሄ እኮ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል።»

«እኔስ ምን አልኩ? ይሄን ሁሉ ዘመን ማን ቀባው?»

ኖራው ሳይታጠብ ኮሚሽኑ ከተፍ አለ። ሰብሳቢው ጓድ ነጩን ግድግዳ አየና፣ «ሰው የሚኖርበትማ ይሄ ነው፤ ጣሪያ ይሠራለት» አለ። ወደ ሃሪቲና ቤት ዞረ። ጣሪያው ጎብጧል፣ ሣር በቅሎበታል፤ ድንጋዩን አያቶቿ ከእርሻው ለቅመው ነው የሠሩት። ጓዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጥንት ማለት ይሄ ነው። አንድ ድንጋይ እንዳይነካ።»

ዜኖን ሊያርመው አፉን ከፈተ። ሃሪቲና ሽርጧን ነክሳ ቆማለች። አያትና አፉን መልሶ ገጠመ። ለዚህ ብቻ ዕድሜ ይስጠው እላለሁ።

በሯ ላይ ሰሌዳ ቸነከሩ፦ «ጥንታዊ የግሪክ ገበሬ ቤት። መግባት ክልክል ነው።» እነሱ ከሄዱም በኋላ ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

«ለምን አይገቡም?» አላት ዜኖን።

«ክልክል ነው ይላል።»

ዜኖን አሰበ፣ አሰበና፣ «እንግዲያው የቅርሱ ጠባቂ አድርጌዎታለሁ። ጠባቂ ይገባል» አላት።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ሃሪቲና ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ የገዛ ቤቷን በር አንኳኩታ ገባች።