የጉደሩ ኖኢንላይን

ተማሪ ሳለን ጉደር ላይ መብራት እንዳሻው ነበር የሚመጣውና የሚሄደው። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ገመቹ የመመረቂያ ሥራችንን ሃስኬል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የምንጽፈው ባትሪዋ በሞተ አንዲት ላፕቶፕ ነው። ኮዳችንን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር እያንዳንዱን ፋንክሽን በተጠራበት ቦታ ሁሉ እየገለበጠ ሲንቀራፈፍ ሳይጨርስ መብራቱ ቀድሞት ይጠፋል። ቢቸግረን በየፋንክሽኑ አናት ላይ «ኖኢንላይን» ብለን ጻፍን፤ አትገልብጥ ማለት ነው። እውነትም ቶሎ ይጨርስልን ጀመር። ስንመረቅ ገመቹ ኮዱን በፍላሽ ለታናናሾቻችን አወረሰ።

ዘንድሮ እዚያው የተማርንበት የኮምፒውተር ላብራቶሪ አስተማሪ ሆኜ ተመለስኩ። ለሊሴ የምትባል ተማሪ ሥራዋን ስታሳየኝ፣ ሁለት መስመር ባላት ፋንክሽን ላይ ሳይቀር ያ ትዕዛዛችን ተጽፏል። ገመቹና ያቺ ላፕቶፕ ትዝ አሉኝ።

«ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ቲቸር፣ እሱ ከሌለ መብራት ይጠፋል» አለች፣ ከልቧ።

ሳቄን እንደምንም ዋጥ አድርጌ «በይ አጥፊውና እንየው» አልኳት።

ጣቷን ገና ስታነሣ ከኋላችን «ለሊሴ፣ ኤጊ! ቆዪ እንጂ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ላብራቶሪውን የሞላው ተማሪ ሁሉ ሥራውን ሴቭ ለማድረግ ይጣደፋል።

እኔም ቀስ ብዬ ወደ ራሴ ኮምፒውተር ዞርኩና ሴቭ አደረግሁ።