የጋሽ ተፈራ የደጋ ጓሮ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ በምሠራባት ሰመራ፣ ገበያ ውስጥ፣ ከደጋ የመጣ አይሱዙ ጥቅል ጎመን ሲያራግፍ ደረስኩ። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ነፋሱ ግን ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስል ፊት ይለበልባል። ሸራው ሲገለጥ ከጭነቱ ውስጥ ሌላ አየር ወጣ፤ የረጠበ አፈርና የተቀነጠሰ ቅጠል የሚሸት ቀዝቃዛ አየር። አንዱን ጎመን አንስቼ የላይኛውን ቅጠል ገለጥ አደረግሁና ጉንጬን አስጠጋሁበት። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ መጥቶ እንኳ ያደገበትን ብርድ አልለቀቀም።

"እህቴ፣ ትገዢያለሽ ወይስ ታቅፊዋለሽ?" አለኝ አራጋፊው።

ሳቅሁ። ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ጋሽ ተፈራ ትዝ ብለውኝ ነው።

ያደግሁት አዋሽ ሰባት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ነው። አባቴ የጣቢያው መካኒክ ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ በዚያ ሙቀት ካኪ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ ተሰብሮ በጥቁር ክር ከጆሯቸው ጋር ይታሰር ነበር። በልጅነታቸው ከመንዝ ወጥተው ባቡር ላይ ተቀጠሩ፤ ከዚያ በኋላ አዋሽ ላይ ቀሩ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ አንድ ቀን ብቅ ካለ ሳምንት ይጠፋ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ የሚሰጡትም የሚቀበሉትም ዕቃ እምብዛም ስላልነበረ ጋሽ ተፈራ ጊዜ ሞልቷቸዋል።

ያንን ጊዜ ጓሮ ያቅዱበት ነበር። ጓሮው አዋሽ አይደለም። መንዝ ውስጥ፣ ከአባታቸው የወረሱት፣ እህታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚጠብቁት ቁራሽ መሬት ነው። ጡረታ ሲወጡ እዚያ ገብተው አትክልት ሊያለሙ ነው ሐሳባቸው። ልኩን በደብዳቤ አስለክተው አስመጡና ግቢያቸው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ወዲያ ባለው ደረቅ መሬት ላይ፣ በድንጋይና በሲባጎ ቁልጭ አድርገው ዘረጉት። ይህ የካሮት መደብ፣ ይህ የቀይ ስር፣ ይህ የነጭ ሽንኩርት፣ ይህ በሁለቱ መካከል ባልዲ ይዞ የሚታለፍበት መንገድ። በእግራቸው እየሄዱ ይሞክሩታል። መንገዱ ከጠበባቸው ድንጋዩን አንስተው ያሰፉታል። ፍየል ይገባና ሲባጎውን ይበጥሳል፤ እሳቸው ይቀጥሉታል። የጣቢያው ሰው "የጋሽ ተፈራ ድንጋይ መቼ ያሸታል?" እያለ ይቀልድ ነበር። ወተት የሚያመጣልን የአፋር ሰው ደግሞ አንድ ቀን መደቡ ዳር ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ፣ "የሞተ ሰው አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

እኔ አምስተኛ ክፍል ስገባ የጋሽ ተፈራ ዓይን ላይ ሞራ መጣ። የጻፉትን ራሳቸው ማንበብ ሲያቅታቸው አባቴን አስፈቀዱና ከትምህርት ቤት መልስ እኔ እጽፍላቸው ጀመር። ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ከመጋዘን የተረፈ የዕቃ መመዝገቢያ ነበር።

"ሰዓዳ ልጄ፣ እዚህ አገር ገበሬ የሚፈራው ፀሐይ ነው። እኛ አገር የሚፈራው ውርጭ ነው። ውርጭ ደግሞ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ይመጣል፤ የማይነግርሽ ቀኑን ነው። ስለዚህ መትከያሽን ከዝናቡ አትነሺ። ከውርጩ ተነሺና ወደ ኋላ ቁጠሪ" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

ውርጭ አይቼ አላውቅም። የበረዶ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚይዘው ነጭ ነገር ነው አሉኝ፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ተነጥፎ የሚገኝ፣ ፀሐይ ስትነካው ቅጠሉን እንደ ፈላ ውሃ የሚያጠወልግ። ወይዘሮ ጥሩነሽ በየዓመቱ የወረደበትን ቀን በሰው እጅ ይልኩላቸዋል። ቀኑ የሚመጣው በቁጥር ሳይሆን በታቦት ነው፤ "ዘንድሮ በአቦ ወረደ"፣ "በሚካኤል ማግስት ነው"። እኔ ወደ ቁጥር መልሼ እጽፋለሁ። በዚህ ምክንያት የወሩን ታቦታት በሙሉ ከነቀናቸው አወቅኋቸው፤ አባቴ ከመግሪብ ሶላት መልስ እየሳቀ "የኔ ዲያቆን፣ ዛሬ ማን ነው?" ይለኝ ነበር። ከተላኩት ዓመታት ሁሉ ቀዳሚው ጥቅምት አምስት፣ አቦ ነበር። ጥቅል ጎመን ከተዛወረ እስኪቋጥር መቶ ቀን ይፈልጋል። ወደ ኋላ ስንቆጥር ሰኔ ሠላሳ ላይ ደረስን። ችግኙ አርባ ቀን፤ ግንቦት ሃያ። ፀሐይ የምትመታው የድንጋይ ካብ ሥር ይፈላል፤ ካቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስለታልና። ላቤ ከግንባሬ እየወረደ ወረቀቱን ሲያበላሽብኝ፣ እኛ ስለ ብርድ እንጽፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ባለቤታቸው እትዬ ደስታ አንድ ቀን እንኳ ወደ ድንጋዮቹ ሲጠጉ አላየሁም። ግቢውን ሲጠርጉ መደቡ ዳር ሲደርሱ ይመለሳሉ። እትዬ ደስታ የአዋሽ ልጅ ናቸው፤ እዚያው ጣቢያ ተወልደው እዚያው ያደጉ፣ ረጅም፣ ሳቃቸው ከመንገድ የሚሰማ። ስለ ጓሮው ሲነሳ ግን ፊታቸው ይዘጋል። ለምን እንደሆነ እናቴ ናት የነገረችኝ። አዲስ ሙሽራ ሳሉ፣ አምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆነው፣ ጋሽ ተፈራ ከቤተሰብ ሊያስተዋውቋቸው መንዝ ወስደዋቸው ነበር። ብርዱ ሳንባቸውን መታው። ሐኪም ያለበት ከተማ በቃሬዛ ሲወሰዱ መንገድ ላይ ልጁ ወረደ። ከዚያ በኋላ አልወለዱም። እትዬ ደስታ የአገሩን ስም አይጠሩም፤ "ያ አገር" ነው የሚሉት።

"ሂድ፣ አልከለክልህም" ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "እኔን ግን ያ አገር ከእንግዲህ ሬሳዬንም አያገኘውም።"

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞረው፣ "ቀይ ስር ብለሻል?" አሉ።

ባቡሩ ጨርሶ ሲቆም ጡረታ ወጡ። ዓይናቸውን ታክመው አንደኛው በመጠኑ ተመልሶላቸው ነበር። ግንቦት ላይ፣ ዘሩን በየዓይነቱ በጨርቅ ቋጥረው ብቻቸውን አውቶብስ ተሳፈሩ። እትዬ ደስታ እስከ መናኸሪያ አልሸኟቸውም። እኔ ሸኝቻቸው ስመለስ ግን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸውና፣ "ወፍራሙን ሹራብ ይዟል?" ብለው ጠየቁኝ።

ያ ክረምት ረጅም ሆነብን። ጋሽ ተፈራ ገበያ ሲወጡ በሰው ስልክ ይደውላሉ። ችግኙ በቅሏል፤ ተዛውሯል፤ ድንቹ አብቧል፤ ፎሶሊያው አንድ ጣት አክሏል። እትዬ ደስታ ስልኩን ለእኔ ይሰጡኝና አጠገቤ ቆመው ያዳምጣሉ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ስልኩ ጠፋ። በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው፣ ፊታቸው በብርድ ተላልጦ ግቢ ገቡ። ውርጩ በመድኃኔዓለም፣ መስከረም ሃያ ሰባት ወርዶ ነበር። ደብተሩ ላይ ካለው ሁሉ ስምንት ቀን ቀድሞ። ፎሶሊያው፣ ዱባው፣ የድንቹ ቅጠል በአንድ ጠዋት ጠቆረ። የተረፉት ጥቅል ጎመኑና ሥራ ሥሩ ናቸው።

ጆንያውን ፈቱትና ከነቅጠሉ አንድ ጎመን ለእትዬ ደስታ ሰጧቸው። ተቀበሉ። ከተፉት፤ በዘይትና በቃሪያ ሠሩት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን ደፍተው ሲበሉ እትዬ ደስታ አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ቆም አሉ፤ ደገሙ።

"ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የጣፈጠው?"

"እኔ ምንም አላደረግሁትም። ውርጩ ነው። ውርጭ የነካው ጎመን ይጣፍጣል።"

እትዬ ደስታ እጃቸውን ከሳህኑ ሰበሰቡ። ጋሽ ተፈራ ቀና ሳይሉ፣ በዝግታ፣ እንዲህ አሉ። "ያንቺን ልጅ የወሰደብሽ አገር ነው። አውቃለሁ። አንድ ነገር፣ አንዲት መልካም ነገር ከዚያ አምጥቼ እጅሽ ላይ ሳላኖር መሞት አልፈለግሁም። ጓሮው ሌላ ምክንያት የለውም።"

"የእኔ ብቻ ነበር እንዴ?" አሉ እትዬ ደስታ። "ያንተም ልጅ ነበር እኮ።" ከዚያም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ጋሽ ተፈራ ሁለተኛ ክረምት አላገኙም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ለአዲሱ ዓመት የሚሆነውን ዘር እየለዩ ሳሉ ደረታቸውን አሉ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። አባቴ ያለቀሰውን ልቅሶ አልረሳውም። አርባቸው ካለፈ በኋላ እትዬ ደስታ ቤታችን መጥተው ደብተሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ እስቲ አንብቢልኝ አሉኝ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ግንቦት ሲገባ ቤቱን ዘግተው ወደ መንዝ ሄዱ። ያዩ ሁሉ ለሳምንት ያህል ነው አሉ። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት።

ገበያው ውስጥ ጎመን ታቅፌ የቆምኩ ዕለት ከደወልኩላቸው ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። አፍሬ ደወልኩ።

"ሰዓዳ? አለሽ እንዴ? አለሁ ብለሽ ብቻ አትዝጊው። ነይና እዪው" አሉኝ።

ፈቃድ ወስጄ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። ከሰመራ በአዋሽ በኩል ዞሬ፣ ሁለት ቀን ተጉዤ፣ ሽቅብ ስወጣ ጆሮዬ እየተደፈነ ደረስኩ። እትዬ ደስታ የበግ ጠጉር ዝተት ደርበው፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎብጠው፣ ካቡ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ሳቃቸው አሁንም ከመንገድ ይሰማል። ጓሮውን መደብ በመደብ አሳዩኝ። አንድ ቦታ ላይ ግራ ገባኝና፣ "ጋሼ ድንቹን እታች፣ ምንጩ አጠገብ ነበር ያሉት፤ እዚህ ዳገቱ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?" አልኳቸው።

"ተፌ እዚያ ላይ ተሳስቷል" አሉ፣ ልክ አጠገባችን ቆመው እንደሚሰሙን። "ብርድ እንደ ውሃ ነው፣ ወደ ዝቅታ ነው የሚፈሰው። እሱ እንዴት ይወቅ? አንድ ክረምት ብቻ ነው ያየው። እኔ ብዙ አየሁ።"

ብርዱን ለመዱት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ብርዱንስ ለመድኩት" አሉና ወደ ካቡ ማዶ አዩ። ልጁ የወረደበት መንገድ ከዚያ እንደሚያልፍ በኋላ ወይዘሮ ጥሩነሽ ነገሩኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነፋሱ ቆመ። በየጓሮው ሴቶች መደቡን ከውርጭ የሚያለብሱበት ገለባ ይዘው ብቅ ብቅ አሉ። ቀድሞ ጥቅል ጎመን የሚባል ነገር ያልነበረበት መንደር ነው፤ አሁን ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ መደብ አለ። አንዲት ወጣት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ከካቡ ወዲያ ተጣራች።

"እትዬ ደስታ! ዛሬ እናልብስ?"

እትዬ ደስታ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰማዩን ዙሪያውን አዩት። አንዲት ደመና እንኳ የለበትም። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ ያዙት።

"አልብሱ" አሉ።