የፀጉር አስተካካዩ የበረራ ሥልጠና

የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ በዕድሜው አንዴ፣ ለዚያውም ለአርባ ደቂቃ፣ በአውሮፕላን ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ በረራ የማያውቀው የለም። ልብስ ሰፊዋ እህቱ ባሕር ማዶ የወለደች ልጇን ልታርስ ስትሰናዳ ወንበር ጎትቶ መጣ።

"አሥራ አራት ሰዓት መቀመጥ ቀልድ መሰለሽ? እግርሽ ያብጣል፣ ወገብሽ ይቆረጣል። ይቅርብሽ።"

እሷም ፈርታ ልብሷን ከሻንጣው ማውጣት ጀመረች። እሱ ግን አቀማመጡን ላሳይሽ ብሎ ተኮፈሰ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እግሬ ደነዘዘ ብሎ ተነሳ።

እህቱ ሳቀች። "ወንድምዬ፣ አንተ ቆመህ ስለምትውል ነው። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው የኖርኩት።" ሻንጣዋን መልሳ ቆለፈች፤ ሄደችም።

እሱ ዛሬም "አሠልጥኜ ነው የላክኋት" ይላል። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ደንበኛ ደግሞ ምን ብሎ ይከራከራል?