የባሌ ጣት

ባሌ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ጣት አይዋሽም» እያለ ነው የሚጠራው፤ በስሙ የሚጠሩት እናቱ ብቻ ነበሩ። መሪው የላላ ብስክሌት ሲመጣለት የፊት ፍሬኑን ይይዝና የፊት ጎማው ሹካ ከብስክሌቱ አንገት ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ አመልካች ጣቱን ያሳርፋል። ከዚያ ወደፊት ወደኋላ ይወዘውዘዋል። ከላላ ቋ የሚል ነገር ጣቱን ይመታዋል። «ዓይን ያታልላል፣ ጆሮም ወሬ ይለቃቅማል፤ ጣት ግን አይዋሽም» ይላል። በትዳራችን ስንት ነገር የዋሸኝ ሰውዬ ጣቱ እንኳ እውነተኛ ይሁንለት ብዬ እስቅ ነበር።

ከሱቃችን ትንሽ እንደሄዱ ቁልቁለት አለ፤ ከሥሩ የጭነት መኪና የሚከንፍበት አውራ ጎዳና ነው። እዚያ ላይ ሹካው የላላበት ሰው ፍሬን ሲይዝ መሪው ይርገበገብና ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልወድም። አንድያ ልጃችን በየማለዳው በዚያ ቁልቁለት ወርዳ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካዋ ትሄዳለች። እስክትመለስ ድረስ ልቤ ቦታው የለም።

ያን ዕለት ጠዋት ባሌ የእሷን ብስክሌት አንገት ፈታ፣ ኩሽኔታውን አጠበ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቶ መልሶ ገጠመው። የታችኛውን ዳዶ አጥብቆ የላይኛውን ቆለፈበት። ጣቱን አሳርፎ ወዘወዘ።

«አለት ሆኗል፤ ሂጂ!» አላት።

«እሺ አባዬ» ብላ ጉንጩን ሳመችውና ሄደች።

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ጨርቁ ቀላ። የአመልካች ጣቱ ጫፍ ተሰንጥቆ ደሙ ይንጠባጠባል፤ እሱ እቴ፣ ያፏጫል።

«አንተ! ጣትህ!»

«ምነው?» አለና የሌላ ሰው ጣት የሚያይ ይመስል አየው።

«አላመመህም እንዴ?»

ፉጨቱ ቆመ። ጣቱን ይዤ በጥፍሬ ቆነጠጥኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጩኸቱ ጎረቤት ይጠራ ነበር፤ አሁን ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ» አለ ድምፁን ቀንሶ። «ስኳሩ ነው መሰለኝ ያደነዘዘኝ። ይለቀኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እና የልጅቷ መጥበቁን በምን አወቅህ?»

«ምንም አልተሰማኝም» አለ። «ምንም ካልተሰማኝ ጠብቋል ብዬ ነዋ...» ሳይጨርሰው ፊቱ አመድ መሰለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የኔው ጉድ ግን የራሱን ደብቆ የልጄን ነፍስ ነው ያስያዘው። ስድቡን ለኋላ ትቼ ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ብስክሌት ላይ ሆና መቼ ታነሳለች! እግሬ አውጪኝ አልን። አንዱ ጫማዬ የት እንደወለቀ እስካሁን አላውቅም። እሱ ከኋላዬ እያለከለከ «የኔ ጥፋት፣ የኔ ጥፋት» ይላል።

«ዝም ብለህ ሩጥ!» አልኩት።

ከታች በኩል የጭነት መኪና ክላክስ ረጅም አድርጎ ጮኸ። አጥር ተደግፌ ቆምኩ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። እሱ አልፎኝ ሄደ።

እየተንገዳገድኩ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ልጄ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆማለች። ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፋ ከቦርሳዋ ባወጣችው ቁልፍ ዳዶውን ታጠብቃለች። ባሌ አጠገቧ መሬት ላይ ዘፍ ብሏል።

«ላልቶ ነበር?» ይላታል።

ቁልፉን ከጀርባዋ ደበቀች። «ትንሽ ነው አባዬ።»

«ቁልፍ ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ከመውረዴ በፊት ሁልጊዜ እፈትሸዋለሁ፤ እሱ እንዳስተማረኝ።» አቀረቀረች። «ባለፈው ሲሠራልኝም ላልቶ ነበር። እንዳያፍር ብዬ ነው ያልተናገርኩት።»

አቅፌ ሳምኳት፤ ወዲያው ደግሞ ትከሻዋን መታኋት። ተመስገን አልኩ። ባሌ ግን አልተደሰተም። ወደመጣንበት መንገድ ዞሮ ያያል።

«አንቺስ ፈተሽሽ» አላት። «ሌሎቹስ?»

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፍርሃት ምንም እንዳልነበር ገባኝ። መምህርቷ፣ ዘበኛው፣ ትንሽ ልጇን ከኋላ ጭና የምትሄደው ጎረቤታችን፣ ሁሉም «አለት ሆኗል» ተብለው ነው የሄዱት።

ዳቦ አመላላሹ ሳጥኑን ከፊት ጭኖ ብቅ አለ። ባሌ ተነስቶ መንገዱ መሃል እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ቁም!»

«ምነው ጋሼ፣ ዳቦው ይበርድብኛል! ትናንት አንተው አይደል ያጠበቅክልኝ?»

«ለዚያ ነው ቁም የምልህ።»

ፍሬኑን ያዘ። የሚደማ ጣቱን ወደ ብስክሌቱ አንገት ዘረጋና መለሰው። እኔን አየኝ። ጠጋ ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ፤ እሱ ወዘወዘው።

ቋ።

ዳቦ አመላላሹ የምንቀልድ መስሎት ይስቃል።

«ላልቷል» አልኩ።

ሳቁን አቆመ፤ ቁልቁለቱን አየ፤ ቀስ ብሎ ከብስክሌቱ ወረደ። ከላይ ሌላ ብስክሌት ደወሉን እያንቃጨለ ይመጣል፣ ከኋላውም ሌላ። ባሌ እጁን ዘርግቶ ተመልሶ መንገዱ መሃል ቆመ።